ኩርፊያና ተስፋ በቡናው አገር

ከቋንቋችን ቃላት ውስጥ የመራጩን ሕዝብ ስሜት «ኩርፊያ» የሚለውን ያህል አጥርቶ የሚገልጽ ቃል አላገኘሁም። ያኮረፈ ሰው ከገበታው ይርቃል እንጂ ከቤቱ አይወጣም። ሲጠሩት አይመልስም፤ ጆሮው ግን ከምድጃው ዘንድ ነው። ጠሪዎቹ ልመናቸውን ያቆሙ እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያዝነው ራሱ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ግን ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል፤ ቢጠሩት አይሰማም፤ ባይጠሩትም አይከፋውም።

ይህን ልዩነት ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በግቢያችን ስለ ምርጫ በተነሣ ቁጥር፣ በመኝታ ቤትም ሆነ በሻይ ቤት፣ ጨዋታው ሁሉ «ሕዝቡ ተስፋ ቆርጧል» በሚል ፍርድ ይዘጋል። ፍርዱም ለእኛ ለተማሪዎች በጣም ይመቸናል፤ ተስፋ ለቆረጠ ሕዝብ ምንም ማድረግ ስለማይቻል እኛም ወደ ደብተራችን ወይም ወደ ካርታችን እንመለሳለን። እኔ ግን ከጅማ ማዶ በቡናው አገር ተወልጄ ያደግሁ እንደ መሆኔ መጠን፣ ፍርዱ የተቻኮለ ይመስለኛል። የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የጌራና የመና መራጭ አኩርፏል እንጂ አልሄደም። ያኮረፈን ሰው ወደ ገበታው የሚመልሰው ደግሞ እስከ ደጁ ሄዶ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው፣ መልሱንም ሰምቶ የሚመለስለት ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ኩርፊያው ከየት መጣ? የዛሬ ብቻ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከታወጀ በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ መረጠ። ጅማ ያን ጊዜ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመመረጥ የሚፈልግ ሰው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። ይህም ማለት በሰው መሬት ላይ ቡና ለቅሞ የሚያድረው ጭሰኛ መምረጥ ይችላል፤ መመረጥ ግን ለባለ መሬቱ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲደረግ በአገሩ የነበረው ፓርቲ አንድ ብቻ ነበር።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ሲደርስ ግን ያኮረፈው ሁሉ ተነሣ። የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚዎቹ መሪዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም ነበር። አጎቴ እንደሚነግረኝ ክርክሩ በሚተላለፍበት ምሽት በመንደራችን ሬዲዮ ያለው ቤት ሁሉ የለቅሶ ቤት ያህል ሰው ይሞላው ነበር። ግንቦት 7 ቀንም ሰዉ ገና ሳይነጋ ጋቢውን ተከናንቦ ተሰለፈ። ከ547ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 ማግኘታቸው በመጨረሻ ተነገረ። በውጤቱ ላይ በተነሣው ውዝግብ፣ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ዘገበ። ቀጥሎ በመጣው በ2002ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ።

አጎቴ ያን ማለዳ ስለ ተሰለፈ አይቆጭም። የሚቆጨው ሌላ ነገር ነው። «ድምፃችንን የጠየቁን ብዙ ነበሩ» ይላል፤ «ያሸነፈውም የተሸነፈውም ተመልሶ መጥቶ ‹የሰጣችሁኝ ይህን ሆነ› ያለን ግን የለም።» እስቲ ይህን አነጋገር ልብ እንበለው። ሰውየው የተከፋው ወገኑ ስለ ተሸነፈ ብቻ አይደለም። ድምፁን ተቀብሎ የሄደው ሰው መልስ ስላላመጣለት ነው።

በ2013 ዓ.ም. ነገሩን በዐይኔ አየሁት። እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ሰኔ 9 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በጅማ ስታዲየም ለብዙ ሺህ ሕዝብ የምርጫ ንግግር አደረጉ፤ ሰኔ 14 ቀንም በተወለዱባት በበሻሻ ድምፃቸውን ሰጡ። በመንደራችን ብዙ ሰው ከራሱ አፈር የበቀለ ሰው እዚያ ደረጃ መድረሱን በኩራት ያወራ ነበር። ነገር ግን በኦሮሚያ ብዙ ደጋፊ የነበራቸው ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ውጪ ስለ ነበሩ፣ በብዙ ቦታ መራጩ የሚያነጻጽረው አጣ። በመጀመሪያ ከታወቁት 436 መቀመጫዎች ብልጽግና ፓርቲ 410 አገኘ። ይህን የምጽፈው አንዱን ፓርቲ ለማመስገን ወይም ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። ደጋፊም ሆነ ተቃዋሚ፣ የሚፎካከረው ሲያጣ የመራጩን ደጅ የሚያንኳኳበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ደጁ ያልተንኳኳ ሰውም ያኮርፋል ለማለት ነው።

የቡና አገር ሰው ቅስቀሳን የሚመስልበት አንድ ነገር አለው፤ የቡና አበባ። የመጀመሪያው ዝናብ ካፉ በኋላ ጫካው ሁሉ በአንድ ሌሊት ነጭ ይለብሳል፤ ሽታውም መንገደኛን ያቆማል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን አበባው ይረግፋል። ፍሬው ቀልቶ እስኪለቀም ድረስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወር ያህል መጠበቅ አለ፤ አረም አለ፤ ጥላ መከርከም አለ፤ በሽታ አለ። የምርጫ እንግዳም እንዲሁ በነጭ መኪና፣ በድምፅ ማጉያና በታተመ ካናቴራ መጥቶ በጥቂት ቀን ይረግፋል። በዚህ ላይ ምርጫችን ብዙ ጊዜ የሚውለው በግንቦትና በሰኔ፣ ማለትም የገበሬው ኪስ ባዶ በሆነበት ወራት ነው። የተቸገረው ሰው ገና በዛፉ ላይ ያለውን ቡናውን በርካሽ ሸጦ ብድር የሚበላው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ «ነገ ይሻላል» የሚለውን ቃል ከነጋዴም ከፖለቲከኛም በአንድ ወር ይሰማዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይን ቢያያቸው አይፈረድበትም።

ታዲያ ይህ ኩርፊያ ይመለሳል ወይ? ይመለሳል የምለው በመጽሐፍ አንብቤ ብቻ ሳይሆን በትንሹ ስላየሁት ነው። ያየሁትም በፓርላማ ምርጫ ሳይሆን በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ምርጫ ነው። አንባቢ «ይህ ደግሞ ምን ምርጫ ነው?» እንዳይለኝ አደራ። ለቡና ገበሬ የእሸት ቡናውን ሚዛን የሚጠብቀው ኮሚቴ ከብዙ ሚኒስትር ይልቅ ይቀርበዋል።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ፣ ከአጋሮ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ያለው ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ሁለት ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ቀርቶ ነበር። አባላቱ ቡናቸውን ለግል ሰብሳቢ እየሸጡ ማኅበሩን ትተውት ነበር ማለት ይቻላል። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው የቡና ገበሬ ለአመራር ኮሚቴ ለመወዳደር አሰቡ። እኒህ እናት ማንበብ የሚችሉት በጥቂቱ ስለ ነበር እኔንና ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቼን «ደብተር ይዛችሁ ተከተሉኝ» አሉን። እኛ የመሰለን ቅስቀሳ ልናደርግላቸው ነው። እርሳቸው ግን ገና በመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ «እኔን ምረጡ አትበሉ፤ ለምን ከስብሰባ እንደ ቀሩ ጠይቁና የሚሉትን ጻፉ» ብለው አዘዙን።

ሁለት ሳምንት ያህል ከጭቃ ጋር እየታገልን ከቤት ወደ ቤት ዞርን። በየቤቱ ቡና ይፈላል፤ ሳይጠጡ መሄድ ነውር ስለ ሆነ አንዳንድ ቀን ከአራትና ከአምስት ቤት በላይ መድረስ አልቻልንም። መልሱ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። አንዱ ስብሰባው ሁልጊዜ በገበያ ቀን መዋሉን ተናገረ። ሌላው የዕለቱ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ሚዛን ላይ ከደረሰ በኋላ መስማቱ አናዶታል። አንዷ ሴት ቡናውን የምትለቅመውም የምታደርቀውም እርሷ ሆና ሳለ በመዝገቡ የሰፈረው የባሏ ስም ብቻ መሆኑን ነገረችን። የትርፍ ክፍፍሉ ከምን ተነሥቶ ምን ላይ እንደ ደረሰ ማንም አስረድቷቸው እንደማያውቅ የተናገሩ ደግሞ ብዙዎች ነበሩ።

አንድ ሽማግሌ ግን ከደጃቸው አልፈን እንድንገባ እንኳ አልፈለጉም። «አባቴ፣ ለምን ቀሩ?» ብዬ በኦሮምኛ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ስንት ጊዜ ‹አስተያየት አላችሁ ወይ?› ተብለን ተጠየቅን። ተናገርን። የተናገርነውን መልሶ ያነበበልን ሰው ግን አላየንም። አሁንም አንተ ትጽፋለህ፤ ወረቀቱን ምን እንደምታደርግበት ማን ያውቃል? ምናልባት የጣራህን ቀዳዳ ትደፍንበት ይሆናል።» ይህንንም ቃል በቃል ጻፍሁት።

ጉባኤው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ፣ በእኒህ እናት ጥያቄ፣ ከገበያ ቀን ውጪ እንዲውል ተደረገ። ምልዓተ ጉባኤው ሞላ። ተራቸው ደርሶ ሲነሡ ስለ ራሳቸው ምንም አልተናገሩም፤ ደብተሩን አስነብበው፣ ከየቤቱ የተሰበሰበውን ቅሬታ የተናጋሪውን ስም ሳይጠሩ አንድ በአንድ አሰሙ። ስለ ሚዛኑ ሲነበብ ያ ከደጁ የመለሰን ሽማግሌ ከመካከል ብድግ ብለው «አለዘባችሁት እንጂ እኔ ያልሁት ከዚህ የጠነከረ ነው!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሽማግሌው ወደ ስብሰባው የመጡት ተስፋ አድሮባቸው ሳይሆን ቃላቸው በትክክል መነበቡን ለመቆጣጠር ነበር። ተስፋ የሚባለው ነገር በሰው ልብ የሚጀምረው እንደዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ በእምነት ሳይሆን በቁጥጥር።

እኒህ እናት ለአመራር ኮሚቴው በቂ ድምፅ አላገኙም፤ ለቁጥጥር ኮሚቴ ግን ተመረጡ። ማጠቢያው ሥራ ሲጀምር የዕለቱ የእሸት ቡና ዋጋ በር ላይ ተጽፎ እንዲለጠፍ አስደረጉ። የተገኘው ይህ ብቻ ነው፤ አላጋንነውም። መንገዱ ዛሬም ጭቃ ነው። ነገር ግን ቡናቸውን ለሰብሳቢ ሲሸጡ የነበሩ አንዳንድ ሰዎች፣ ለመሸጥም ባይሆን ዋጋውን ለማንበብ፣ ልጆቻቸውን እየላኩ ማስነበብ ጀምረዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛው፣ ቅስቀሳ በመሠረቱ መናገር ሳይሆን መጠየቅ መሆኑን ነው። በአገራችን ወግ የተጣላን ለማስታረቅ የሚሄድ ሽማግሌ አስቀድሞ ይሰማል እንጂ አይሰብክም። ሁለተኛው፣ ተስፋ ብድር መሆኑን ነው። ከሰው ልብ ተስፋን ቀስቅሶ የሚሄድ ሰው ገንዘብ ተበድሮ እንደ ጠፋ ሰው ይቆጠራል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ቀስቃሽ ዕዳውን ከነወለዱ ይከፍላል። የ1997ቱ ትልቅ ተስፋ በ2002 ትልቅ ዝምታ ሆኖ የተገኘበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ብድሩን ለመክፈል የሞከረ ሰው በአገር ደረጃ የለም ወይ ቢባል አለ። ከእኛ በስተ ምዕራብ፣ እንደኛው ቡና በሚበቅልበት በወለጋ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላ በ1997ቱ ምርጫ በደምቢ ዶሎ በግል ተወዳደሩ። ፓርቲ አልነበራቸውም፤ የመንግሥት ጥቅማ ጥቅማቸውንም አጡ። ይሁን እንጂ አሸነፉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ማሸነፋቸው አይደለም። በተመረጡበት ዘመን ወደ መራጮቻቸው እየተመለሱ ያነጋግሯቸው ነበር፤ ሕዝቡ እስከ ጎጥና እስከ ጋሬ ድረስ እንዴት እንደ ተደራጀና እንዴት እንደሚጠበቅ ያዩትንም ጽፈው አውጥተዋል። በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ሰው ያስታወሳቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ብቻ አልነበረም። በ2002ቱም ምርጫ ከ547ቱ አንድ የግል ተወዳዳሪ ብቻ ሲያልፍ፣ እርሱም ከጎረቤታችን ከከፋ ዞን የተመረጠ ነበር። ሕዝብ የሚያውቀውን ሰው የሚመርጥበት መንገድ ሲጠብብ እንኳ ፈጽሞ እንዳልተዘጋ ይህ ያሳያል።

በሌላም አገር የተማሪዎች ሥራ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ክፍለ አገር ጥቁሮች ጥጥ ይለቅሙ ነበር እንጂ ከጥቂቶቹ በስተቀር በመራጭነት እንዲመዘገቡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ፋኒ ሉ ሄመር የተባለችው የጥጥ እርሻ ሠራተኛ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ለመመዝገብ ስለ ሞከረች ከምትኖርበት እርሻ ተባረረች። ወጣቶች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «ሕዝቡ ግድ የለውም» የሚለውን ወሬ ለማስተባበል በ1963 የራሳቸውን የምርጫ ሣጥን አዘጋጁ፤ 80,000 ያህል ሰው ድምፁን ሰጠ። ድምፁ በሕግ ፊት አይቆጠርም ነበር፤ ቢሆንም ኩርፊያው ግድ የለሽነት እንዳልነበረ ተመሰከረ። በ1964 አንድ ሺህ የሚያህሉ በጎ ፈቃደኞች፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ሄደው አገዟቸው። በዚያው ዓመት የላኳቸው እንደራሴዎች በፓርቲው ጉባኤ ወንበር ተከለከሉ። ሥራው ግን አልቆመም። በ1965 የመራጮች መብት ሕግ ወጣ፤ ከመቶ ሰባት እንኳ የማይሞላው የተመዘገቡ ጥቁሮች ቁጥር በ1967 ከመቶ ስድሳ ገደማ ደረሰ። እነዚያ ተማሪዎች የሄዱት አስቀድሞ በየደጁ ሲለፋ የቆየ የአገሩ ሰው ስለ ነበረ መሆኑን መርሳት የለብንም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ተወዳዳሪ በሌለበት፣ ወይም ተወዳዳሪው በሚታሰርበት አገር የቤት ለቤት ቅስቀሳ ምን ይሠራል?» ይሉኛል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። መራጩ አማራጭ ሲያጣ ጥፋቱ የመራጩ አይደለምና እርሱን «ለምን አኮረፍህ?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር እመልሳለሁ። የመጀመሪያው፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 እና በአንቀጽ 54 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። ይህን መብት የሚያውቅ ሰው በመንደራችን ስንት ነው? ያልታወቀ መብት ማንም ሳይከለክለው የተከለከለ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው የምርጫን ሥራ የሚለማመደው በትልቁ ምርጫ ቀን አይደለም። በእድሩ፣ በማኅበሩ፣ በቀበሌው ምክር ቤት፣ በወላጆች ኮሚቴ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ቃሉ ተነብቦ የሰማ ሰው በትልቁም ምርጫ ቃሌ ይነበብ ማለቱ አይቀርም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ ታላላቆቻችን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይላኩ ነበር፤ ብዙዎቹም ሲመለሱ አገራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ መሆኑን ተናግረዋል። እኛን የሚልከን የለም። ነገር ግን በየክረምቱ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ከእኛ መካከል የመምረጫ ዕድሜው 18 ያልሞላው ጥቂት ነው፤ ለመመረጥ የሚያበቃው 21 ዓመት የሞላውም ብዙ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዕረፍት አንድ ደብተር ይዘን፣ የማንንም ፓርቲ ካናቴራ ሳንለብስ፣ አሥር ቤት ብቻ እንጠይቅ፤ ባለፈው ምርጫ ምን ጠብቀው ነበር? ምን አገኙ? ማን ተመልሶ ነገራቸው? የጻፍነውን በማኅበሩ ወይም በቀበሌው ስብሰባ ላይ፣ ሰውን ለአደጋ እንዳያጋልጥ ስም ሳንጠራ፣ እናንብበው። የምርጫ ቀን ሲደርስ ደግሞ ድምፁ ተቆጥሮ በጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ለማይችሉት እናንብብላቸው። ከሁሉ በላይ ግን በዓመቱ ወደነዚያው አሥር ቤቶች እንመለስ። የሚያስደስት ወሬ ይዘን ባንሄድ እንኳ እንመለስ፤ «አልተሳካም፤ ያልተሳካውም በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ለመናገር የሚመጣ ሰው በቡናው አገር እስከ ዛሬ ብርቅ ነውና።

ይህን ሁሉ አድርገን ሕዝቡ ያኔም ዝም ካለ፣ «ተስፋ ቆርጧል» የሚለውን ፍርድ እኔም ከእናንተ ጋር እፈርማለሁ። ደጁን ሳናንኳኳ ግን ሄዷል አንበል፤ እስከማውቀው ድረስ እቤቱ ነው፤ ቡናውም እየፈላ ነው።